የተሳለ አይደፋም

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ለመኖ ፋብሪካችን የመጣ አንድ መኪና በቆሎ መለስኩ። ሻጋታ። ሹፌሩ "ላም ነው የሚበላው፣ ሰው መሰለሽ እንዴ?" ብሎ የጋውኔን አንገት ያዘ። ናሙና ለማውጣት ጆንያ የምንወጋበትን ብረት ሆዱ ላይ ደገንኩ። ለቀቀኝ። አለቃዬ በመስኮት እያየ ነበር። "ጸደንያ፣ ስድብ አይበቃም? ብረት ለምን?" አለኝ። ስድቡንማ ቀድሜ ጨርሼው ነበር።

ሌላው እንደ ወትሮው። ሀይሌ ጋርመንት የታክሲ ሰልፍ። እግሬን የረገጠኝን ሰውዬ በክርኔ ጎሰምኩት። ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው።

እማዬ ደወለች። ቅዳሜ ወይኑ ይገባል አለች። የገብርኤል ስለት ነው። መኩሪያ ከቀዶ ጥገናው በሕይወት ከወጣልኝ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 በገዛ ቤቴ በተጠመቀ ወይን ማኅበርተኛህን አጠጣለሁ ብላ ተስላለች። አምና በሐዘን ምክንያት ቀረ። ዘንድሮ የሁለት ዓመት ስለት አለብኝ እያለች እንቅልፍ የላትም።

ምስጋናው ለገብርኤል። ኩላሊቱ ግን የኔ ነው… ይህን ጮክ ብዬ አልልም፣ እዚህ ነው የምለው። የግራውን ሰጠሁት። ታናሼ ነው፣ ሌላ ማን ይስጠው? ሰጥቼ ረሳሁ? አልረሳሁም። መድኃኒትህን ዋጥክ? ውሃ ጠጣህ? ጠዋት እደውላለሁ፣ ማታ እደውላለሁ። ዛሬ አላነሣም።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

መካኒሳ፣ እማዬ ቤት።

ሳጥኖቹ ግቢው ውስጥ ተደርድረዋል። ከዝዋይ ነው የመጡት። ሊለቀም ሲል ዝናብ ደበደበው አሉ፤ ከዚያ ደግሞ በሸራ ታፍኖ መንገድ ላይ ሰነበተ። የላይኛው ረድፍ ያምራል። እጄን ወደ ታች ሰደድኩ… ሞቃት፣ ልፍስፍስ ያለ። ጣቴን አወጣሁት። ድስት የፈተግሁ መስሏል። በተሰነጠቀው ፍሬ ሁሉ ላይ ጥቁር ጥላሸት።

"ይደፋ" አልኩ።

"ምኑ?" አለች እማዬ።

"ይሄ ሁሉ።"

"ስሙ ተጠርቶበታል። የተሳለ አይደፋም። ጸበልም ረጭቼበታለሁ።"

መኩሪያ ሳቀ። ወይኑን የሚጠምቀው እሱ ነው፤ ሥራ ከፈታ ወዲህ እጁን የሚያሳርፍበት ይህ ብቻ ነው። "ወይን ሲሆን ይሞታል እኮ። አልኮል ያልገደለው ምን አለ?"

"ሻጋታው ይሞታል። ሻጋታው የተፋው መርዝ አይሞትም። ብታፈላው አይለቅ፣ ብታጠልለው አይለቅ። እያደር ኩላሊት ነው የሚበላው። ኩላሊት! ሰማህ?"

"የላብራቶሪሽን ወሬ እዚያው!"

ሳጥኑን በእግሬ አልኩት። ተገለበጠ። እማዬ በጥፊ አጮለችኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው… በጥፊ! ከዚያ ተንበርክካ የተበተነውን መልቀም ጀመረች፣ ዘለላውን እየሳመች። "ገብርኤል ሆይ፣ ቁጡ ናት፣ አትቁጠርባት። ልጄን አትውሰድብኝ።"

ልጄን ያለችው እሱን ነው። እኔንማ ማን ይወስደኛል?

ኅዳር 8

ጉንጬ አብጧል። ደህና አድርጋ ነው የመታችኝ። ደወልኩ… አላነሣችም።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ጾም ገባ። እነሱ ግን ጨምቀውት ጠበቁኝ። ሦስት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል፣ ጓዳው በር ላይ። ክዳኑን ከፈትኩ። ይፈላል፣ አረፋው ወይን ጠጅ ቀለም ነው። ሽታው ደስ ይላል፤ የሚያናድደውም ያ ነው። ክፉ ነገር ለምን አይገማም?

በባዶ የውሃ ጠርሙስ ለምርመራ ትንሽ ቀዳሁ። መኩሪያ ከኋላዬ ደርሶ ክንዴን ጠመዘዘው። እጁን ነከስኩት። ለቀቀኝ። ጠርሙሱን ግን አልለቀቅሁም።

"ምን ፈልገሽ ነው?"

"ኩላሊቴን!"

ወጣብኝ። ሁለት ዓመት አፌ ውስጥ የከረመ ቃል።

ፊቱ ተለዋወጠ። "አንድ ኩላሊት ሰጥተሽ ሰውዬውን በሙሉ ገዛሽ? ስበላ ትቆጥሪያለሽ፣ ስጠጣ ትቆጥሪያለሽ፣ ሽንቴን ሳይቀር ትጠይቂያለሽ። ሚስት ላግባ ብል ለኩላሊትሽ ላስፈቅድ ነው?"

በሩን አላትሜ ወጣሁ። በሩ ምን አደረገኝ…

ኅዳር 25

ክንዴ ሰማያዊ ሆኖ ሰነበተ። ዛሬ ደግሞ እጄ።

እማዬ የወይኑን አተላ ለጋሽ ለሜሳ ላሞች ሰጠሁ አለችኝ፣ በደስታ። በስልክ ስትነግረኝ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ጋሽ ለሜሳ ጎረቤቷ ነው። ዙሪያውን ሁሉ ፎቅ ሲከበው እሱ ላሞቹን አልሸጠም። በቀጥታ እሱ ጋ ሄጄ በሩን በቡጢ ደበደብኩት።

"ያ ረቢ! ምን ሆንሽ ጸዲዬ?"

"አተላውን ሰጥተዋቸዋል?"

ባልዲው ገና በረቱ በር ሥር ነው። በእግሬ ልገለብጠው ስል ቀደመኝ። አነሣው። አሸተተው። ጣቱን ነክሮ ጥቁሩን አየው። አንድ ጥያቄ አልጠየቀኝም፤ ጓሮ ወዳለው ጉድጓድ ሄዶ ከነባልዲው ወረወረው። በሻገተ መኖ አንዲት ጊደር ሞታበታለች። ስትንፈራገጥ ቆሞ ያየ ሰው ነው።

"እና" አለኝ፣ "ላሜ የማትቀምሰውን ማኅበርተኛው ሊጠጣው ነው?"

"ማኅበርተኛውማ በዓመት አንድ ኩባያ ነው፣ አይገድለውም። የምፈራው ለመኩሪያ ነው።"

"መኩሪያማ ጠዋት ጠዋት ይቀምሳል እኮ። ደረሰ አልደረሰም እያለ፣ በጣሳ።"

ጠዋት ጠዋት። በጣሳ።

ግድግዳውን በቡጢ መታሁ። የጋሽ ለሜሳ ግድግዳ ብሎኬት ነው። ሚስቱ ገዲሴ በረዶ አምጥታ እጄን ያዘችልኝ። "ግድግዳችንን ለምን?" አለችኝ ቀስ ብላ። አሳቀችኝ። ከዚያ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 3

ቤተልሄም ደወለች። ሌላ ላብራቶሪ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት፤ የኛ መሣሪያ ለእህል እንጂ ለወይን አይሆንም ብዬ ለሷ ነበር የላክሁት። ውጤቱን ከመንገሯ በፊት "ጸዲ፣ ይህን የሚጠጣ ሰው አለ እንዴ?" አለችኝ።

አለ።

ከሚፈቀደው ብዙ እጥፍ ነው። ለእማዬ ነገርኳት። "ጸበል የነካው መርዝ አይሆንም" አለች። ጮኽኩባት። ጮኸችብኝ። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "የተሳልኩትን ደፍቼ ገብርኤል ልጄን ቢወስድብኝ አንቺ ትመልሺልኛለሽ?" አለችኝ።

እሷም ለሱ ነው የምትፈራው፣ እኔም ለሱ። እሷ በአንድ እጁ፣ እኔ በሌላው… እየጎተትን ልንገነጥለው ነው።

ስልኩን ወረወርኩት። መስታወቱ ተሰነጠቀ። አሁን በተሰነጠቀ ስልክ ነው የምሳደበው።

ታኅሣሥ 8

ለራሴ ምርመራ ሐኪም ቤት ነበርኩ። የኔ ደህና ነው። ሐኪሙ ሁለታችንንም ያውቀናል፤ እጁን እየታጠበ "ወንድምሽስ? ባለፈው የኩላሊቱ ቁጥር፣ ክሬቲኒኑ፣ ጨምሮበት ነበር" አለኝ፣ የማውቅ መስሎት።

አልነገረኝም! ደበቀኝ!

ስለ ወይኑ ነገርኩት። "ከሱ ነው?" አልኩ። "ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። መድኃኒቱም ያደርገዋል። እንደዚህ ብዬ መማል አልችልም። ግን ዛሬውኑ ያቁም" አለ።

መማል አይችልም። እኔም አልችልም። ኩላሊቱን ሊገድል የሚችል ስንት ነገር እንዳለ አላውቅም። አንዱን ግን አውቀዋለሁ፣ ሰማያዊ በርሜል ውስጥ ነው ያለው። ለመኩሪያ ደወልኩ። "ጠዋት ጠዋት የምትጠጣውን…" ስል ዘጋብኝ። መልሼ ደወልኩ። ዘጋ። እጄ ላይ ቢገኝ አንቀው ነበር… ለማዳን ብዬ አንቄ ልገድለው ነው?

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

አባ ኢያቄም ጋ ሄድኩ። የእማዬ የንስሐ አባት ናቸው። ሁሉን ነገርኳቸው፣ መሬት መሬቱን እያዩ ሰሙኝ።

"ነውር ያለበት በግ ለመሥዋዕት ይቀርባል?"

"አይቀርብም አባ።"

"ታዲያ ወይኑስ? ሐሙስ ከቅዳሴ በኋላ እሄድና እነግራታለሁ። እኔን ትሰማኛለች። አንቺ ግን እስከዚያ አፍሽንም እጅሽንም ሰብስቢ።"

"እሺ አባ።"

"እሺ ማለትሽን አልጠላሁም" አሉና ሳቁ። ያውቁኛል።

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

ፈቃድ ወስጃለሁ። ጾም ስለሆነ ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት ነው። ቀድሜ ሄጄ እቀመጣለሁ እንጂ አልናገርም። እጄን ኪሴ ከትቼ እጠብቃቸዋለሁ። ለራሴ ማልኩ።

ታኅሣሥ 20

በጀርባዬ ተኝቼ ነው የምጽፈው። ሐኪም ቤት። ጎኔ ጠቁሯል።

ሐሙስ የሆነው እንዲህ ነው። ስገባ ረፋድ ነበር። እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፣ እውነቴን ነው። መኩሪያ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብሎ በጣሳ ይቀዳል። ቀና ሲል አየኝ። ዓይን ዓይኔን እያየ ግጥም አድርጎ ጠጣው። አፉን ጠረገ። "ለጤናሽ!" አለኝ።

እጄ መቼ ከኪሴ እንደወጣ አላውቅም። መጥረቢያው እንጨቱ ላይ ተሰክቶ ነበር።

ፕላስቲክ አይሰበርም፣ ይተረተራል። የመጀመሪያው በርሜል ጉልበቴ ላይ ተፋ። እማዬ ወጥታ "ገብርኤል! ገብርኤል!" እያለች ቀዳዳውን በነጠላዋ ልትደፍን ተደፋችበት። ሁለተኛውን ስለው መኩሪያ ከኋላ አንገቴን አነቀኝ። በክርኔ አፉን አልኩት። ፀጉሬን ይዞ ጎተተኝ፣ ነከስኩት፣ ተያይዘን ጭቃው ላይ ወደቅን። ልጆች ሆነን እንዲሁ ነበር የምንደባደበው። ያኔ ግን ባለ አንድ ኩላሊት አልነበርንም። ተነሥቼ በመጥረቢያው እጀታ ትከሻውን መታሁት። እሱ ደግሞ በእግሩ መታኝ። ጎኔን። ቀኙን። የቀረኝን።

የት እንደመታኝ የገባው እግሩ ካረፈ በኋላ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። "ጸዲ…" አለ። ትንፋሽ አጠረኝ። ግን ተነሣሁ። ሦስተኛውን በርሜል ተረተርኩት። እሱን ካልጨረስኩ ለምን ተመታሁ?

ግቢው በሙሉ ቀላ። አንዱ ከውጭ "ሰው ታረደ!" ብሎ ጮኸ። ሽንት ቤት ገባሁ። ቀይ። መጀመሪያ ከልብሴ የተንጠባጠበ ወይን መሰለኝ። አልነበረም።

ጋሽ ለሜሳ ተሸክሞ ወተት በሚያመላልስበት ፒክአፕ ላይ ጫነኝ። ስንወጣ አባ ኢያቄም በሩ ላይ ደረሱ። ቅዳሴውን ለሌላ ካህን ሰጥተው ቀድመው መጥተዋል። እኔ እንደማልታገሥ ያውቁ ነበርና። እግራቸው ሥር ወይኑ እስከ መንገድ ይወርዳል። ግንባሬን በመስቀል ነኩኝ። "የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፣ ልጄ" አሉኝ።

ጥቂት ደቂቃ ብጠብቅ ኖሮ! በርሜል ሳይቀደድ፣ ያለ ደም፣ እማዬ በገዛ እጇ ትደፋው ነበር። ይህ ከጎኔ ይልቅ ያመኛል።

ታኅሣሥ 21

ዛሬም ቀይ ነው። ትንሽ ሳሳ። ሐኪሙ አትነቃነቂ ብሎኛል። እኔን?

ታኅሣሥ 22

ፖሊስ መጣ። ጎረቤት ነው የጠራው።

"ማን ነው የመታሽ?"

"በርሜል ወደቀብኝ።"

"በርሜሎቹን ማን ቀደዳቸው?"

"እነሱን እኔ ነኝ።"

አንገቱን ነቅንቆ ሄደ።

ከዚያ እማዬ። የአጃ ሾርባ ይዛ። ማኅበሩን በብርዝ አሳለፈችው፤ ማኅበርተኛው ሁሉ ሰምቶ ስለነበር ማንም አልጠየቃትም። "አባ ስለቱን ፈቱልሽ?" አልኳት። "አልፈቱም። ንጹሑን ስታገኚ ትከፍያለሽ አሉኝ" አለች። ሾርባውን በማንኪያ ታጎርሰኛለች፣ እኔ ደግሞ እጎርሳለሁ።

"ወይኑ ከፈሰሰ ጀምሮ ገብርኤል እሱን ይወስድብኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር" አለችኝ። "አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ አላሰብኩም። አንድም ቀን ለአንቺ ፈርቼ አላውቅም።" ያንን የመታችውን ጉንጬን ዳሰሰችው።

"መኩሪያስ?"

"ኮሪደር ላይ ነው። ከሐሙስ ጀምሮ እዚያው ነው። አይገባም።"

ይቀመጥ። ይብረደው።

ቆይ… መድኃኒቱን ይዟል?

ታኅሣሥ 24

ገባ። ከንፈሩ ተሰፍቷል። የኔ ክርን ነው። ሐኪሙ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ለኔ ሰላም ሳይለኝ ቀጥታ ለሱ…

"የሷን መልሱላት።"

"ምኑን?"

"እኔ ውስጥ ያለውን። አውጡና መልሱላት።"

ሐኪሙ ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት። መኩሪያ ሸሚዙን ገልጦ ጠባሳውን አሳየው። ሐኪሙ መሳቁን ተወ። "እህትህ ትድናለች። ተቀጥቅጦ ደምቷል እንጂ ኩላሊቷ ይሠራል። ደሙም እየቆመ ነው" አለው፣ እንደ ልጅ እያባበለ። ወጣልን።

እኔ ምን አደረግሁ? የብረት ኩባያውን አንስቼ ወረወርኩበት። ደረቱን አገኘው።

"ደደብ! የሰጠሁት ነው! የሰጠሁትን አልቀበልም!"

ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት። ሰጥቼው ነበር እንዴ? ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳዋሰ ሰው በሩ ላይ ቆሜ አልነበር?

ኩባያውን ከወለሉ አንስቶ ተቀመጠ። "ቁጥሩ ጨመረ ሲሉኝ ሞትን አልፈራሁም" አለኝ። "አንቺን ነው የፈራሁት። ኩላሊቴን አበላሸህ ትይኛለሽ ብዬ።"

"ታዲያ ፊቴ ላይ ለምን ጠጣህ?"

"የኔ መሆኑን ላሳይሽ" አለ።

አለቀስን። ሲያለቅስ የተሰፋው ከንፈሩ ያመዋል። ይበለው።

ታኅሣሥ 29

ገና። ቤት ነኝ። ሽንቴ ነጣ። እንኳን አደረሰን።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

መካኒሳ። አዲስ ወይን ገባ። ከፋሲካ በኋላ፣ ለሚያዝያ 19 ማኅበር ይደርሳል ተብሎ ነው። እማዬ ጸበሏን ይዛ ቆማለች፣ ግን ገና አልረጨችም። ከተለቀመ በኋላ ነው አለች።

መኩሪያ ሸራ አንጥፎ ሳጥን ሳጥኑን ይገለብጣል። ሰፌድ ጭኑ ላይ አድርጎ ዘለላ በዘለላ ያያል። የተሰነጠቀውን ይጥላል። ጥላሸት የነካውን በዙሪያው ካለው ጋር ይጥላል። ጠዋት ሳጥኖቹ ሲወርዱ ነጋዴውን ሸራውን በጊዜ አልገለጥክም ብሎ የሰደበውን ስድብ ሰምቻለሁ። ከማን እንደተማረው አውቃለሁ። ከኩላሊቱ ጋር ነው የገባው መሰለኝ።

እኔ በርጩማ ላይ ነኝ። እጄን ጭኔ ሥር ከትቼ ተቀምጬበታለሁ፣ በእውነት። ኪስ አያስተማምንም።

"ትናንት ቀጠሮዬ ነበር" አለኝ፣ ዓይኑን ከወይኑ ሳያነሣ። አልጠየቅሁትም። ዛሬ አንድም ነገር አልጠየቅሁትም። "ቁጥሩ ወርዷል። እንደ ድሮው ግን አልሆነም። አይመለስም አሉኝ፣ በዚሁ ጠብቀው አሉኝ።"

የጎደለው ከወይኑ ይሁን ከምን ማንም አያውቅም። ደሜ ፈላ። ድሮ ቢሆን ይሄኔ አንዱ ሳጥን አየር ላይ ነበር። "ውሃ…" ልል አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

የመጨረሻው ሳጥን ታችኛው ረድፍ ጥቁር ነው። ሁላችንም አየነው። እማዬ አማተበች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ማንም ይደፋ አላለም። ምላሴን ነክሼ ያዝኩት። መኩሪያ ተነሣ። ሳጥኑን ከላይኛው ረድፍ፣ ከደህናው ጋር ተሸክሞ በጋሽ ለሜሳ በር ገባ። ጉድጓዱ ውስጥ ሲወድቅ እዚህ ድረስ ተሰማ።

እማዬ አልጮኸችም። "ገብርኤል አይቶናል" አለች።

"ይየን" አላት መኩሪያ፣ እጁን እየታጠበ። ተመልሶ ሲቀመጥ ሰፌዱ ከጭኑ ተንሸራተተ።

"ጸዲ፣ ያዥልኝ እስቲ።"

እጄን ከሥሬ አወጣሁት። ደንዝዞ ነበር። ያዝኩለት።